ከእራት እስከ ቁርስ ሰውነት የሚያድርበት ስንቅ

እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተበላ እንበል። መሶቡ ተከድኗል፤ ሕፃናቱ ተኝተዋል፤ እርስዎም ቡኮውን ሸፍነው፣ የነገውን ልብስ አሰናድተው ጋደም ብለዋል። የማግሥቱ ቁርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢቀርብ በመካከሉ ድፍን 12 ሰዓት አልፏል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል እህል የቀመሰ የለም። ይሁን እንጂ ልብ ሲመታ፣ ሳንባ ሲተነፍስ፣ አንጎልም ሕልም ሲያይ አድሯል። ያለ ምግብ የሚሠራ ሥራ ደግሞ የለም። ታዲያ ቤተሰቡ ሌሊቱን በምን ስንቅ አደረ?

ጥያቄው የተማሪ ቤት ጥያቄ ይምሰል እንጂ መልሱ እናትን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ይህ የሌሊት ስንቅ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሳይነጋ ያልቃል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ስንቁ ሞልቶ ሳለ የሚፈታው ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ጠዋት ላብ አጥምቆት፣ ፈዝዞ ወይም ሲንዘፈዘፍ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልጅ በየሰፈሩ «ቡዳ በላው»፣ «መጋኛ መታው» ሲባል፣ አለዚያም የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል። እርስዎ ግን አንዲት ጥያቄ እንዲያስቀድሙ እንፈልጋለን፤ ይኸውም «ልጁ መጨረሻ የበላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» የምትለው ናት። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እናስረዳለን።

የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ድንችም ሆነ ገንፎ በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ በአብዛኛው ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። አንጎል ከሌላው አካል ሁሉ ይልቅ በዚህ ስኳር ላይ የተመካ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈጃል። በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ25 የማያንስ ማንኪያ ነው። በአንጻሩ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢመዘን 5 ግራም ቢሆን ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ! ይህቺ ለአንጎል ብቻ ብትውል እንኳ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አታልፍም። ስለዚህ ከደም በስተጀርባ ጎተራ መኖሩ ግድ ነው።

ይህ ጎተራ ጉበት ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ በደም የሚመጣውን ትርፍ ስኳር የጉበት ሕዋሳት ይቀበሉና ያከማቹታል። የሚያከማቹት ግን እንደ መጣ አይደለም። በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ቢነሰንሱ ውኃውን ስቦ እንደሚያወጣው ሁሉ የሟሟ ስኳርም ውኃ ይስባል። ሕዋሱ ስኳሩን እንዳለ ቢያጭቀው ኖሮ ውኃ ስቦ ያብጥና ይፈነዳ ነበር። ስለዚህ ግሉኮሱን አንዱን ካንዱ እያያያዘ፣ እያሰረ፣ በሺህና በአሥር ሺህ የሚቆጠረውን በአንድ እሽግ ይጠቀልለዋል። ይህ እሽግ ግላይኮጅን ይባላል። ልብስ የምናደርቅበት ስታርች ዕፅዋት ስኳራቸውን የሚያስቀምጡበት መልክ እንደሆነ ሁሉ ግላይኮጅንም የሰውና የእንስሳት ስታርች ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። የበሰለ ጉበት ጣፈጥ ማለቱን ልብ ብለው እንደሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የእሽጉ አሠራር የሚያስደንቅ ነው። እንደ ረጅም ገመድ ሳይሆን እንደ ቡና ዛፍ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። አንድ ለቃሚ ብቻ ብትሆን ቡናው ዘግይቶ ይለቀማል፤ ብዙ ሴቶች ከየቅርንጫፉ ጫፍ በአንድ ጊዜ ሲለቅሙ ግን ቅርጫቱ ወዲያው ይሞላል። በሕዋስ ውስጥም ኢንዛይም የሚባሉት ሠራተኞች ከየቅርንጫፉ ጫፍ ግሉኮሱን አንድ ባንድ እየቆረጡ ያወርዱታል። አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ በደንብ ከተበላ በኋላ 100 ግራም ያህል ግላይኮጅን ይኖራል። ጡንቻዎች ሁሉ ተደምረው ደግሞ ወደ 400 ግራም ይይዛሉ። እንግዲህ የጡንቻው ይበልጣል ማለት ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የጉበት ግላይኮጅን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚከፈት የእልፍኝ ጎታ ነው። የጡንቻ ግላይኮጅን ግን እያንዳንዱ መንገደኛ በየአቁማዳው የቋጠረው የግል ስንቅ ነው። ጡንቻ የራሱን ይበላል እንጂ ለአንጎል አያበድርም። ይህ የሆነው ስኳሩን ከሕዋስ ለማስወጣት የመጨረሻዋን ቁልፍ የምትከፍት ኢንዛይም በጉበት ስትኖር በጡንቻ ስለሌለች ነው። ይህቺን የመጨረሻ ቁልፍ እንዳይረሷት አደራ እንላለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና።

የጡንቻን ስንቅ ካነሣን አይቀር ስለ ሥጋ ጥቂት እንበል። ለበዓል የሚታረደው ከብት ረጅም መንገድ ተነድቶ፣ ደክሞና ተርቦ ወዲያው ቢታረድ በጡንቻው ውስጥ የነበረው ግላይኮጅን በመንገድ አልቋል። በደኅናው ከብት ግን ከዕርድ በኋላ የቀረው ግላይኮጅን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና ሥጋውን መጠነኛ ኮምጣጣነት ይሰጠዋል፤ ይህም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳዋል። የደከመው ከብት ሥጋ ጥቁረት ያለው፣ የሚያጣብቅ፣ ሳይውል ሳያድር የሚበላሽ የሚሆነው ይህ አሲድ ስለሚጎድለው ነው። ከብቱን አሳርፎ፣ ውኃ አጠጥቶና አብልቶ ማረድ ለባለቤቱም ለምጣዱም ይጠቅማል።

ወደ ጎታው እንመለስ። ክፈቱ ዝጉ የሚለው ማን ነው? ምግብ ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይልካል፤ ኢንሱሊንም ጉበቱን «ተቀበል፣ አከማች» ይለዋል። ምግብ ሲዘገይ ያው ቆሽት ግሉካጎን የሚባለውን ሌላ መልእክተኛ ይልካል፤ ያን ጊዜ ጎታው ይከፈታል። በድንጋጤ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊንም እንዲሁ ያስከፍታል። ኢንሱሊን በሌለበት የስኳር በሽታ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ደሙ በስኳር ሞልቶ ሳለ «አከማች» የሚል ስለጠፋ ጉበት እንደ ተራበ ቤት ጎታውን ከፍቶ ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ጀምበር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክሎድ በርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1855 አንድ የእንስሳ ጉበት ወስዶ ስኳሩ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ በደም ሥሩ ውስጥ ውኃ አሳለፈበት። ከዚያም ጉበቱን እንዳለ ትቶት አደረ። በማግሥቱ ሲመረምረው የታጠበው ጉበት እንደገና በስኳር ተሞልቶ አገኘው። ስኳሩ ከውጭ አልመጣም፤ ስለዚህ በጉበቱ ውስጥ ስኳር የሚያፈልቅ የተቀመጠ ነገር መኖር አለበት ሲል ደመደመ። በ1857 ያንን ነገር ለይቶ አወጣው፤ ግላይኮጅን የሚለውንም ስም እሱ ሰጠው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የታሪኩን ክፍል በሴቶች ዐምድ ላይ ሳንተርክ ብናልፍ ደግ አይሆንም። ገርቲ ኮሪ በ1896 በፕራግ ከተማ ተወለደች። ሕክምና አጥንታ በ1920 ተመረቀች፤ በዚያው ዓመትም አብሯት የተማረውን ካርል ኮሪን አገባች። በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይመራመሩ ነበር። ይሁን እንጂ ለባልየው ሥራ የሚሰጡ አንዳንዶች ከሚስቱ ጋር መሥራቱን እንዲተው ይጠይቁት ነበር፤ ለእሷም ከእሱ ጋር መሥራቷ እድገቱን እንደሚያሰናክልበት ይነግሯት ነበር። በ1931 በሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ እሱ የክፍል ኃላፊ ሲሆን እሷ በአነስተኛ ደመወዝ የምርምር ረዳት ሆና ተቀጠረች። የሥራቸው ፍሬ ግን የሁለቱም ነበር። በጡንቻ የተፈጠረው ላክቲክ አሲድ ወደ ጉበት ተመልሶ እንደገና ስኳር የሚሆንበትን ዑደት በ1929 አስረድተዋል፤ ግላይኮጅንን ቆርጦ የሚያወርደውን ኢንዛይምም አግኝተውታል። በ1936 ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1947 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በሕክምናው ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ገርቲ ናት። ሙሉ ፕሮፌሰርነቷም የተሰጣት በዚያው ዓመት ነበር፤ 16 ዓመት በዩኒቨርሲቲው ካገለገለች በኋላ! በዚያው ሰሞን የአጥንት መቅኒ በሽታ እንዳደረባት ታወቀ። እሷ ግን በ1957 እስክትሞት ድረስ ከቤተ ሙከራዋ አልራቀችም። በሕመሟ ዓመታት የሠራችው ሥራ ነው ዛሬ በቀጥታ ከልጆቻችን ጋር የሚያገናኘን።

ሆኖም ከሕመሙ በፊት የጤነኛውን ሕፃን ነገር እንመልከት። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ስኳር በእትብቱ በኩል ሳይቋረጥ ይደርሰዋል። ጉበቱም በተለይ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ለመውለጃው ቀን ስንቅ ይቋጥራል። እትብት በተቆረጠ ጊዜ ያ የማያቋርጥ መስመር በአንዴ ይዘጋል። የሕፃኑ የጉበት ስንቅ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ያለ ወሩ የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ደግሞ ስንቁን ሳይቋጥር ስለመጣ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነች እናት የተወለደ ሕፃንም ለብቻው መጠበቅ አለበት፤ በማኅፀን ሳለ ብዙ ስኳር የለመደ ቆሽቱ ከተወለደም በኋላ ኢንሱሊን ማፍሰሱን ስለማያቆም ስኳሩ በድንገት ይወርድበታል።

ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ የሚባለው እንግዲህ ለወጉ አይደለም። በአንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ሕፃኑ ለጋ ቅቤ ይልሳል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ለልጁ ደግ አስበው መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ቅቤ ስብ እንጂ ስኳር አይደለም፤ የጉበቱን ጎታ አይሞላም፤ ከዚያም በላይ ለትንታና ለተቅማጥ ያጋልጠዋል። እንገሩ ጥቂት መስሎ ቢታይ እንኳ ያቺው ጠብታ ለዚያች የቡጢ ያህል ለሆነች ሆድ የተመጠነች ናት። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ተኝቷልና አልቀሰቅሰውም የምትል እናት ብትኖር በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀስቀሱ እንደሚሻል ልንነግራት እንወዳለን።

ልጁ አድጎ ምግብ ሲጀምር ስንቁም ይሰፋል፤ ግን የአዋቂን ያህል አይሆንም። የሕፃን ልጅ አንጎል ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ስለሆነ በኪሎ ሲታሰብ ከአዋቂው ይልቅ ብዙ ስኳር ይፈልጋል። ጤነኛ ልጅ እራቱን በልቶ እስከ ጠዋት በደኅና ያድራል። ነገር ግን ትኩሳት ይዞት ወይም ሲያስመልሰው ውሎ እራቱን ሳይበላ የተኛ ልጅ ሌሊቱ ሊረዝምበት ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን አጥሚትም ይሁን ወተት ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጠጡት፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ ሌሊት አይከልክሉት።

በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ነገር ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ነው። የዚህ ልጅ ጎታ ባዶ ነው፤ አዲስ ስኳር የሚሠራበት ጡንቻና ስብም መንምኗል። ስለዚህ ሌሊት ስኳሩ ይወርዳል፤ ገላውም አብሮ ይቀዘቅዛል። የሕክምና ድርጅቶች እንዲህ ያሉትን ልጆች በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ እንዲመገቡ የሚያዙት ስለዚህ ነው። ልጁ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በ3 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መስጠት ሕይወቱን ሊያተርፈው ይችላል። ገላውን ገላዎ ላይ ለጥፈው በጋቢ ይሸፍኑት። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን ምንም ነገር በአፉ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። በጎኑ አስተኝተው በአስቸኳይ ይውሰዱት።

አሁን ያቺን የመጨረሻ ቁልፍ እናንሣ። በጥቂት ልጆች ላይ ጎታው ሞልቶ ሳለ በሩ አይከፈትም። ይህን በሽታ ፎን ጊርከ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1929 ገለጸው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልጁ ሲወለድ ደኅና ይመስላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሌሊቱን ያለ መጥባት መተኛት ሲጀምር፣ ነገሩ ይገለጣል። ጠዋት ላይ ይፈዛል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ አንዳንዴም ይንዘፈዘፋል። ጡት ከጠባ በኋላ ይሻለዋል። ጉበቱ የማይወጣ ግላይኮጅን እያጨቀ ስለሚሄድ ሆዱ ይነፋል። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ እጅና እግሩ የቀጠነ፣ ቁመቱ ያነሰ ይሆናል፤ አፍንጫውም በቀላሉ ይደማል። ጎረቤት ጉንጩን አይቶ «ወፍሯል»፣ ሆዱን አይቶ ደግሞ «ወስፋት ነው» ይላል። የወስፋት መድኃኒት ተሰጥቶት ሆዱ የማይቀንስለት፣ ጠዋት ጠዋትም የሚዝል ልጅ ካለ ጉበቱ በሐኪም መዳሰስ አለበት።

ገርቲ ኮሪ ከባሏ ጋር በ1952 ያገኘችው ምስጢር ይህ ነበር። በዚህ በሽታ የሞቱ ልጆችን ጉበት መርምራ በጉበት መኖር የሚገባት ያቺ የመጨረሻዋ ኢንዛይም እንደሌለች አሳየች። አንድ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከአንዲት ኢንዛይም መጉደል የተነሣ መሆኑ በግልጽ ከታየባቸው የመጀመሪያ ምሳሌዎች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ የእነዚህ ልጆች ጉበት ለአንጎል ስኳር በመከልከሉ ልክ እንደ ጡንቻ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ሕክምናው ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከወጥ ቤት መገኘቱ እጅግ ያስደስታል። በ1970ዎቹ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ ስኳር እየተንጠባጠበላቸው ያድሩ ነበር። በ1984 ግን ሦስት የአሜሪካ ሐኪሞች ያልበሰለ የበቆሎ ስታርች በውኃ ተበጥብጦ ቢጠጣ በአንጀት ውስጥ ቀስ እያለ እየተፈጨ ለሰዓታት ስኳር እንደሚሰጥ አስታወቁ። በሱቅ ኮርን ፍላወር እየተባለ የሚሸጠው ነጩ ዱቄት ነው። ጉበት የነፈገውን አንጀት ይመግበዋል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል እንጂ አይፈላም፤ ከበሰለ እንደ አጥሚት ቶሎ ተፈጭቶ ያልቃልና ሌሊቱን አያሻግርም። ሁለተኛ፣ ስታርች ሌላ፣ ከወፍጮ ቤት የሚመጣ የበቆሎ ዱቄት ሌላ ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። መጠኑንና ሰዓቱን በልጁ ክብደት ለክቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። በትንንሾቹ ላይ በየ4 ሰዓቱ ስለሚሰጥ የእናትየዋ እንቅልፍ በደወል የተቆራረጠ ነው። አንድ ሌሊት ደወሉን ሳይሰሙ ማለፍ ልጁን ለሞት ሊያበቃው እንደሚችል ሲታሰብ እነዚህ ወላጆች የተሸከሙት ሸክም እንዲህ ቀላል አይደለም። አባትየው ተራ ቢገባ የሚል አስተያየት ብንጨምር የሚቆጣ አይኖርም ብለን እናምናለን። በወጉ የተጠበቀ ልጅ ግን ያድጋል፣ ይማራል፣ ለአካለ መጠንም ይደርሳል።

በሽታው የእናትየዋ ጥፋት አለመሆኑን ጮክ ብለን መናገር እንወዳለን። ልጁ የሚታመመው ከእናትም ከአባትም የጎደለውን ዘር እኩል ሲወርስ ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ራሳቸው ደኅና ሆነው ሳያውቁት ተሸካሚ ናቸው። እንዲህ ባሉ ጥንዶች በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከ4 አንድ ነው። በሽታው በጣም ጥቂት ነው፤ ከ100,000 ልደት በአንድ ላይ ያህል ይገመታል። የሥጋ ዘመዳሞች ሲጋቡ ግን ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው ዕድል ይጨምራል። በብዙ የአገራችን አካባቢ ሽማግሌዎች ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩት ልማድ ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም።

የግላይኮጅን በሽታ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከ10 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ። ሌሎቹን በአጭሩ እናንሣ። ማካርድል የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1951 የገለጸው በሽታ በጡንቻ ላይ የሚደርስ ነው። ሰውየው ስንቁ በአቁማዳው ሳለ መፍታት ስለማይችል ደረጃ ሲወጣ ወይም ሸክም ሲያነሣ ጡንቻው ተጨማድዶ ይይዘዋል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ይለቀዋል። አንዳንዴም ሽንቱ ጥቁር ቀይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ወጣት በትምህርት ቤትም በሥራም ላይ ሰነፍ ይባላል። ፖምፔ የተባለው የኔዘርላንድ ሐኪም በ1932 የገለጸው ደግሞ ሕፃናትን የሚያለሰልስ፣ ልባቸውን የሚያሳብጥ ከባድ በሽታ ነው። ይህ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩን የያዘውን የጀርመን ጦር በመቃወሙ በ1945 ተረሽኗል። የጎደለውን ኢንዛይም በደም ሥር የሚተካ መድኃኒት ከ2006 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ለብዙው ዓለም የማይቀመስ ነው።

አዋቂዎችስ? ጤነኛ አዋቂ ሰው ቁርስ ሳይበላ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም የጉበቱ ስንቅ እየመነመነ ሲሄድ ጉበቱ ከፕሮቲን አዲስ ስኳር ይሠራል፣ ስብም ይነድዳል፤ ስለዚህ አይወድቅም። ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ ለቀነሱ እኅቶች ደግሞ አንድ ነገር እንንገራቸው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ላይ የሚጎድለው አንድ ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ይኸው ውኃ ነውና ስቡ ገና አልተነካም።

ኢንሱሊን የምትወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ሠራተኛ ግን ምግብ መዝለል የለበትም። መርፌው ጎታውን ዘግቶታል። ስብሰባ ረዘመ፣ አውቶቡስ ዘገየ ተብሎ ምሳ ከቀረ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ቀጥሎም መቀባዠር ይመጣል። ነቅቶ ሳለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ምግብ ማብላት ይገባል። በሥራ ቦታ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ ይህን ማወቅ አለበት። መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄም እንዲሁ አደገኛ ነው። ጉበት አልኮሉን ለማቃጠል ሲደክም አዲስ ስኳር መሥራቱን ይተዋል፤ ጎታው አስቀድሞ ካለቀ ሰውየው ይወድቃል፤ ያየውም ሁሉ «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከድግስ በኋላ በየብርጭቆው የቀረውን ጠጅና አረቄ ግን በዚያው ሌሊት ይድፉት። በማለዳ ተነሥቶ ያገኘውን የሚቀምስ ትንሽ ልጅ ጎታው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው የሚጠጣው።

ልጅዎ ጠዋት ፈዝዞ ወይም ተንዘፍዝፎ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መጨረሻ የበላበትን ሰዓት፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ሲያስመልሰው እንደሆነ፣ ጣፋጭ ከቀመሰ በኋላ መሻል አለመሻሉን ይንገሩ። የስኳሩ ምርመራ ከጣት በምትወጣ አንዲት የደም ጠብታ ወዲያው የሚታወቅ ነው። ተራ እየጠበቁ ብስኩት ወይም ሻይ ሰጥተውት ከሆነ ደግ አደረጉ፤ ያንንም ግን አይደብቁ። ልጁ ከበላ በኋላ የተለካ ስኳር ደኅና ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንዳይሸኛችሁ፣ ሌላ ቀን ምግብ ሳይቀምስ በሐኪም ቤት ውስጥ እየተጠበቀ እንዲመረመር ይጠይቁ።